የኔ ቢጤው ምን ይፈልጋል? የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጾም ሲቃረብ ስለ ምጽዋት የሚጽፉልን አንባብያን ይበረክታሉ። ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከአራት ኪሎ፣ ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስና ከልደታ አካባቢ የደረሱን ናቸው። "መስጠት ይገባል ወይ?" ያለን የለም። ሁሉም የጠየቁት እንዴት እንደሚሰጥ ነው።

ጥያቄ፦ በየቀኑ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ በእግሬ እመላለሳለሁ። ለምጽዋት ብዬ በቀን 50 ብር እለያለሁ። ለዐሥር ሰው አምስት አምስት ብር ባደርስ ይሻላል ወይስ ለአንዱ ጠቅልዬ ልስጥ? ለልጆችስ? ዝርዝር ሲያልቅብኝ "እግዜር ይስጥህ" ብዬ ማለፍ ደግሞ ይከነክነኛል።

መልስ፦ ሒሳቡን ከቀን ወደ ወር ይቀይሩት። 50 ብር በ30 ቀን 1,500 ብር ይሆናል። ከዚህ 600ውን እንደ ልማድዎ ድንገት እጁን ለዘረጋልዎ ይስጡት፤ በቀን 20 ብር ይደርሳል። የቀረውን 900 ብር ግን በመንገድዎ ላይ ለሚያውቋቸው ሦስት ሰዎች ያድርጉት። አምስት ብር ለተቀባዩ እዚህ ግባ የሚባል ነገር አይገዛለትም፤ ሰጪውም ፊቱን ሳያየው እንዲያልፍ ያደርገዋል። ሦስቱን ሲመርጡ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ራቅ ብለው የተቀመጡትን፣ ከቦታቸው መነሣት የማይችሉትንና ማየት የተሳናቸውን ያስቀድሙ። ደጁ ላይ ያለው ቢያንስ ሳሚው ሁሉ ያየዋል።

ከዚያ ስማቸውን ይወቁ፤ የሚያስፈልጋቸውንም ይጠይቁ። ከኢያሪኮ መውጫ መንገድ ዳር ተቀምጦ ይለምን የነበረው በርጤሜዎስ ዓይነ ስውር መሆኑ ለማንም የተሰወረ አልነበረም። ጌታ ግን "ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?" ብሎ ጠየቀው (ማር. 10፥51)። እሱ ከጠየቀ እኛ ሳንጠይቅ የምናውቅበት ምክንያት አይታየንም። የሚሰሙት መልስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዳቦ አይደለም፤ የልብስ ሳሙና፣ የወር አበባ መጠበቂያ፣ ታዝዞ ያልተገዛ መድኃኒት፣ የመታጠቢያ ቤት ሒሳብ ወይም ነጠላ ጫማ ሊሆን ይችላል። ጫማ ከሆነ ቁጥሩን ሳይለኩ አይግዙ። ለሦስት ሰው 300 ብር 300 ብር ማለት ሁሉንም በአንድ ወር መሸፈን አይደለም፤ በዚህ ወር የአንዱን፣ በሚቀጥለው የሌላውን ጠቅልሎ ማድረስም ይቻላል።

ቀኑም ይታሰብበት። በ7 ሥላሴ፣ በ17 እስጢፋኖስ፣ በ23 አራዳ ጊዮርጊስ ደጅ ዳቦውና ንፍሮው ይትረፈረፋል፤ ከበዓሉ በኋላ ያው ደጅ ጭር ይላል። ለታቦቱ ክብር መዘከሩን አንነቅፍም። ነገር ግን የ23ቱን ዳቦ በ25 ወይም በ26 ይዞ መሄድ ጊዮርጊስን የሚያስቀይም አይመስለንም።

ለልጆች ጥሬ ብር ባይሰጡ ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ ገንዘቡ በእጃቸው አይቆይም። ያልተከፈተ ብስኩትም ተመልሶ ሊሸጥ ይችላልና ዳቦውን ቆርሰው ይስጡ፤ እዚያው ሲበሉም ይዩ። በትምህርት ሰዓት ያገኙትን ልጅ እናቱ የት እንደተቀመጠች ይጠይቁ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ይመግባሉ፤ ከትምህርት ገበታ የራቀ ልጅ ያንንም ማዕድ አጥቷል። ደብተርና ዩኒፎርም የቸገራት እናት ከሆነች የወሩ 300 ብር ቦታውን አገኘ ማለት ነው።

"እግዜር ይስጥህ"ን በተመለከተ፣ ያዕቆብ በመልእክቱ የሚወቅሰው ለተራበና ለታረዘ ሰው "በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም" ብሎ ባዶውን የሚያሰናብተውን ነው (ያዕ. 2፥16)። እርስዎ የዕለቱን ሰጥተው ጨርሰው ከሆነ ቃሉ ምርቃት ነው፤ ቆም ብለው፣ ዓይኑን አይተው ይበሉት። ዝንብ እንደማባረር ሲነገር ነው ያዕቆብ የወቀሰው የሚሆነው። "የኔ ቢጤ" ያሉት አባቶቻችን ቃሉን ያለ ምክንያት አልመረጡትም።

ጥያቄ፦ "ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ" ስለሚል ለድሆች የምሰጠውን ለባለቤቴ አልነግረውም። ትክክል ነኝ?

መልስ፦ ባልሽ ግራ እጅሽ አይደለም። ማቴዎስ 6 የሚከለክለው ለመታየት መስጠትን ነው፤ የጋራ ገንዘብን ደብቆ ማውጣትን አያዝም። በወር ስንት እንደሚወጣ ተስማሙ፤ ለማን እንደደረሰ ግን በሁለታችሁም ዘንድ ምስጢር ይሁን፤ ለጎረቤትም ለዘመድም አይነገር። ከገንዘብ ጋር የተያያዘ ድብቅነት ደግሞ ባልና ሚስቱን ሐናንያንና ሰጲራን የት እንዳደረሳቸው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 ይነግርሻል። እነሱ እንኳ የደበቁት ተስማምተው ነበር።

ጥያቄ፦ በካዛንቺስ የምንኖር 12 ወጣቶች ነን። በእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላሉ 60 ያህል ነዳያን ምሳ አዘጋጅተን ነበር። ሌሊቱን የሠራነው ሽሮ ኮመጠጠ፣ ግፊያ ተነሣ፣ ጉልበት ያለው ሁለት ጊዜ ሲወስድ አረጋውያን ባዶ እጃቸውን ቀሩ። በድጋሚ ልንሞክር ነው፤ ምን እናስተካክል?

መልስ፦ ሦስቱም ችግሮች የታወቁ ናቸው፤ ሦስቱም መፍትሔ አላቸው።

በመጀመሪያ ሽሮው። ወፍራም ወጥ በትልቅ ድስት ተከድኖ ሲያድር ዳሩ ቢቀዘቅዝም መሐሉ ለብ እንዳለ ለሰዓታት ይቆያል፤ ለተሐዋስያን ከዚህ የሚመች ነገር የለም። ስለዚህ ሌሊት አትሥሩ። ከእሳት ወርዶ እስከሚበላ ድረስ ከሁለት ሰዓት አይበልጥ፤ ከበለጠ ከ60 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ በምድጃ ላይ ይቆይ። የወጡን ዓይነት በተመለከተ ምስር ከሽሮ ይሻላል። ለ60 ሰው 4 ኪሎ ክክ ምስር፣ 5 ኪሎ ሽንኩርት፣ 2 ሊትር ዘይትና ግማሽ ኪሎ በርበሬ ይበቃል። በርበሬውን ለዘብ አድርጉት፤ ባዶ ሆድ ላይ የሚቃጠል ወጥ የጨጓራ ሕመምተኛን ያሠቃያል። እንጀራ ለአንድ ሰው አንድ ተኩል ሲታሰብ 90 ይሆናል፤ መጠባበቂያ ጨምራችሁ 100 ያዙ። ምድጃ ካልተመቻችሁ 5 ኪሎ የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ አዘጋጁ። ማታ ዘፍዝፋችሁ ጠዋት ቀቅሉት፣ ውኃውን በደንብ አጥልሉት፣ ሳትከድኑ አስፍታችሁ አቀዝቅዙት። ጥርስ ለሌላቸው ግን ንፍሮ ምግብ አይደለም፤ ለእነሱ አጥሚት በፔርሙዝ ያዙ።

ትኩስ ወጥ በፌስታል አትቋጥሩ፤ እንጀራው አልቦት ሊጥ ይሆናል፣ ፌስታሉም ይሸታል። ብዙዎቹ የየራሳቸው ሳህን ወይም ጣሳ አላቸውና በዚያ ላይ ጨልፉ፤ ለሌላቸው 20 ሳህን ያህል ይዛችሁ ሂዱ።

ውኃ የሚዘነጋው ነገር ነው። ሁሉም እንጀራ ያመጣል፣ ውኃ ትዝ የሚለው ጥቂት ነው፤ ወንጌሉ ግን ዋጋው አይጠፋም ብሎ በስም የጠራው ቀዝቃዛ ጽዋ ውኃን ነው (ማቴ. 10፥42)። ለመጠጥ በሰው ግማሽ ሊትር፣ ለ60 ሰው 30 ሊትር ያስፈልጋል። ለእጅ መታጠቢያ 20 ሊትር ጨምሩበትና ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሦስት ያዙ፤ ሳሙናም አይቅር።

ግፊያው የሚመጣው ምግቡን ይዛችሁ ቆማችሁ ሰው ወደ እናንተ እንዲመጣ ስታደርጉ ነው። ጌታ አምስቱን ሺህ ሲመግብ አስቀድሞ ሕዝቡን በሣር ላይ አስቀመጠ፤ መቶ መቶና አምሳ አምሳ ሆነው ተደረደሩ፤ ደቀ መዛሙርቱም ወደ እነሱ እየሄዱ አቀረቡ (ማር. 6፥39-41)። እናንተም 60ውን በዐሥር በዐሥር አስቀምጡ። ከ12ታችሁ ሁለቱ እጅ ያስታጥቡ፣ አራቱ ይጨልፉ፣ ሦስቱ መነሣት ለማይችሉት ባሉበት ያድርሱ፣ አንዱ ይቁጠር፣ አንዱ መጠባበቂያውን ይያዝ፣ አንዱ ከጥበቃዎቹና ከሰበካ ጉባኤው ጋር ይነጋገር። ማደሉን ከደጁ ርቀው ከተቀመጡት ጀምሩ። ለሰበካ ጉባኤው ቀድማችሁ ካላሳወቃችሁ የዚያኑ ቀን ሌላ ማኅበር ዝክር ይዞ ሊመጣ ይችላል።

በነገራችን ላይ ይህ ችግር ከቤተ ክርስቲያን ጋር እኩል ያረጀ ነው። በኢየሩሳሌም በዕለት ዕለቱ ማዕድ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች እየተዘነጉ ማጉረምረም ተነሣ፤ ሐዋርያትም ማዕዱን የሚያገለግሉ ሰባት ሰዎች አስመረጡ (ሐዋ. 6)። የሰባቱ ቀዳሚ ማን ነው? እናንተ በደጁ የምታድሉበት እስጢፋኖስ።

የቀረው የጾም ነገር ነው። ብዙዎቹ ነዳያን ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ፤ በጠዋት ትኩስ ምግብ ፊታቸው ማቅረብ ፈተና ነው። ለጾም ቀን ከ9 ሰዓት በኋላ አድርጉት። በሌላ ወገን ሕመምተኞች፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች አሉ፤ ሙስሊሞችም አሉ። ዓመቱን ሙሉ ምስር ብትሠሩ ሥጋው የማን ነው የሚለው ጥያቄም አይነሣም።

ጥያቄ፦ ስንረዳ ቀርፀን ቲክቶክ ላይ ብንለቀው ሌሎችን አያነሣሣም?

መልስ፦ ያነሣሣል። የሚበላውን ሰው ፊት ማሳየት ግን አያስፈልገውም። ድስቱን፣ የሽንኩርት ክምሩን፣ የገዛችሁበትን ደረሰኝ ቅረፁ። "ፈቅደዋል" የሚለው መከራከሪያ አያሳምነንም፤ እንጀራ በእጅህ ይዘህ "ልቅረፅህ?" ስትለው የተራበ ሰው ምን ብሎ እምቢ ይላል?

ጥያቄ፦ ሰንበት ትምህርት ቤታችን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከክፍለ ሀገር መጥተው ጠያቂ የሌላቸውን ሕሙማን ሊጠይቅ አስቧል። ብርቱካንና ሙዝ ገዝተን ለመሄድ ተነጋግረናል።

መልስ፦ ብርቱካኑንና ሙዙን ለጊዜው ተዉት። ሁለቱም ፖታሲየም አላቸው፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ፖታሲየም በደም ውስጥ ሲከማች የልብ ምት እስከማወክ ይደርሳል። ጭማቂ ለስኳር ሕመምተኛ አይሆንም። ለቀዶ ሕክምና ተራ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ምንም እንዳይቀምስ ታዝዞ ሊሆን ይችላል፤ እናንተ ያጎረሳችሁት አንድ ጉርሻ ቀጠሮውን ያስተላልፍበታል። መጀመሪያ ተረኛ ነርሷን አነጋግሩ፦ ጠያቂ የሌለው ማን ነው? ምን ይበላል? ምን ጎደለው?

የቋንቋችን ነገር ደስ ይላል፤ በአማርኛ በሽተኛ "ይጠየቃል"። ወንጌሉም "ታምሜ ጠይቃችሁኛል" ነው የሚለው (ማቴ. 25፥36)። ስለዚህ ቃሉን እንዳለ ውሰዱትና ጠይቁ፤ በሽታው ምን እንደሆነ ግን አትጠይቁ።

ለአንድ አልጋ ከሁለት ሰው በላይ አትቁሙ፤ ሩብ ሰዓት ይበቃል። ገብታችሁም ወጥታችሁም እጃችሁን ታጠቡ። ጉንፋን የያዘው አይሂድ፤ በተለይ የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች በሽታ የመከላከል ኃይላቸው የወረደ ነው። አልጋው ላይ አትቀመጡ፣ ሽቶ አትቀቡ። ሕመምተኛው አማርኛ የማይናገር ከሆነ ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ ሰው ይዞ መሄድ ከአንድ ዘንቢል ፍራፍሬ ይበልጣል።

ብዙ ሰው የማያያቸው አስታማሚዎቹ ናቸው። ከሩቅ አገር የመጣች እናት ልጇ አጠገብ ወለል ላይ እያደረች ሳምንት ገላዋን ሳትታጠብ ትቆያለች። ሶፍት፣ ሳሙና፣ የስልክ ቻርጀር፣ ሻይ የሚይዝ ፔርሙዝና ቀለል ያለ ብርድ ልብስ ስጧት። ከሁሉም በላይ ሁለት ሰዓት በቦታዋ ተቀመጡላት፤ ታጥባ ትመለስ። ከተማውን አታውቅምና መድኃኒት ፍለጋ መዞሩንም ውሰዱላት። ዋናውን ማዘዣ ይዛችሁ ሂዱ፣ ፎቶውን ለእሷ ተዉላት፤ ሳትገዙ በፊት ዋጋውን ደውላችሁ ንገሯት፣ ደረሰኙንም አስረክቡ። ደረሰኝ የሌለበት ቸርነት ሐሜት አያጣውም።

ጸሎት ሲሆን ፈቃድ ጠይቃችሁ በለሆሳስ ይሁን፤ ጎን ያለው አልጋ የሌላ እምነት ሰው ሊሆን ይችላል። "መድኃኒቱን ተውና ጸበል ግባ" የሚል አባል ካላችሁ ከቡድኑ ቢቀር እንመርጣለን፤ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል።

ደጉ ሳምራዊ ምን ያህል እንደሰጠ አስተውሉ። ቁስሉን በዘይትና በወይን ጠጅ አከመ፣ በራሱ ከብት ጫነ፣ አንድ ሌሊት አስታመመ፣ በማግሥቱ ለእንግዶች ማረፊያ ጠባቂው ሁለት ዲናር ሰጥቶ መንገዱን ቀጠለ (ሉቃ. 10)። ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነበር። ሥራውን አልተወም፤ "ስመለስ እከፍልሃለሁ" ግን አለ። እናንተም "ቅዳሜ እንመጣለን" ካላችሁ ቅዳሜ ተገኙ፤ መምጣት ካልቻላችሁ አትበሉ። በር በሩን እያየ የሚውል ሰው ከማያውቃችሁ በላይ ይከፋል።

ጥያቄ፦ በጾም ወራት ደም መለገስ ይቻላል? ጾሜን ያፈርሰዋል?

መልስ፦ መለገሱ ጾም አያፈርስም፤ ችግሩ ባዶ ሆድ ነው። ምግብና ውኃ ሳይወስዱ ደም የሰጡ ሰዎች ይዞራቸዋል፣ አንዳንዶቹም ይወድቃሉ። ስለዚህ ጾሙን ከፈቱ በኋላ፣ ቢያንስ ግማሽ ሊትር ውኃ ጠጥተው ይሂዱ፤ ጣቢያው በዚያ ሰዓት ካልሠራ ከጾም ውጭ ያለ ቀን ይምረጡ። ሥጋ ወደሙ የሚቀበሉበትን ቀን አያድርጉት፤ ስለ ዝርዝሩ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። ዕድሜ ከ18 እስከ 65፣ ክብደት ከ45 ኪሎ በላይ መሆን አለበት፤ በየሦስት ወሩ መስጠት ይቻላል። ቀይ የደም ሴል በማቀዝቀዣ እንደ ማቆያው ዓይነት ከ35 እስከ 42 ቀን፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት ግን 5 ቀን ያህል ነው የሚቆየው። ሁሉም ሰው በአንድ በዓል ተሰልፎ ከሚሰጥ ማኅበራችሁ በዓመት አራት ጊዜ ተራ ተራ ቢያወጣ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ በልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ እኖራለሁ። ጎረቤቴ እማማ ብቻቸውን ናቸው። ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ከታች ጀሪካን ሲያወጡ አያለሁ። "የሚያስፈልግዎት ካለ ይንገሩኝ" ብያቸው "ልጄ፣ አላስቸግርሽም" ነው መልሳቸው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ለመንገዱ የኔ ቢጤ "ይጠይቁ" ብለናል። እዚህ ግን ጥያቄው ይገለበጣል። "የሚያስፈልግዎት ካለ" ስትያቸው ይሉኝታ ላለባቸው አዛውንት የመለመንን ሸክም ጫንሽባቸው። መጀመሪያ አንቺ ለምኚያቸው። ጌታም ለሳምራዊቷ ሴት የሕይወትን ውኃ ከመስጠቱ በፊት "ውኃ አጠጪኝ" ብሎ ለምኗታል (ዮሐ. 4፥7)። ቁልፍሽን አስቀምጪ፣ የድልህ አሠራራቸውን ጠይቂ፣ ልጅሽን ለሩብ ሰዓት ይዩልሽ። ለእርስዎ ውለታ አለብኝ ማለት ስትችዪ ያን ጊዜ ውኃው ቀላል ይሆናል።

ስትጀምሪም በጥያቄ አትጀምሪ፤ ቀን ቆርጠሽ ተናገሪ፦ "ረቡዕ ለራሴ ስቀዳ የእርስዎንም አመጣለሁ።" ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ለእርሳቸው ቤት ባለ 5 ሊትር አራት ይዘሽ ውጪ፣ በአንድ እጃቸው የሚያነሡትና የሚቀዱት እንዲሆን። ክዳኑ የሚያፈስ ከሆነ ቀይሪው፤ ደረጃው ረጥቦ የሚያዳልጠው በዚህ ነው። ወጥ ቤታቸውን እንደፈለግሽ አታስተካክዪ። ቡና ሲጠሩሽ ጠጪ፤ ቡናቸውን እምቢ ያልሽ ቀን ውኃሽ ምጽዋት ሆኖ ይሰማቸዋል። ስፍራ ስትለቂ ወይም ስትጓዢ ተራውን ለሌላ ጎረቤት አስረክበሽ ሂጂ፣ ማን እንደሆነም አስተዋውቂያቸው። ጀሪካኑን ደግሞ በር ላይ አስቀምጠሽ አትመለሺ፤ የእርሳቸውን ወገብ የሚሰብረው ከበሩ እስከ ወጥ ቤቱ ያለው ስድስት እርምጃ ነው።